ማንደፍሮና ያልተከፈተው ብልቃጥ

ተረቴ መንገደኛ ናት፤ ካልያዟት ትሄዳለች።

ማንደፍሮ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ታላቅ ወንድሙም ሾፌር ነበረ፤ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ ተነፍቶ ሞተበት። ሰፈርተኛው «የሌሊት ወፍ ሸንቶበት ነው» አለ። ሐኪሙ ግን የማንደፍሮን ደም መርምሮ፣ «ወንድምህን የገደለው በደም የሚተላለፍ የጉበት ቫይረስ ነው። አንተ ነጻ ነህ፤ ክትባቱን ቶሎ ጀምር» አለው። ማንደፍሮ ፈራ፤ መፍራቱንም አልደበቀም። ረጅሙን መንገድ ሳይጀምር አንዲት መርፌ ፈለገ።

መኪኖች በሚያድሩባት ከተማ ክሊኒክ ገባና «ሲስተር ትርንጎ፣ ይውጉኝ» አለ።

«ወንድሜ፣ ብልቃጡ የብዙ ሰው ነው። ላንተ ብቻ ከፍቼ አላባክነውም፤ ጓደኞችህን ጥራ።»

ሾፌር ጓደኞቹ በጸጉር አስተካካዩ በዳምጠው ደጃፍ ተሰልፈዋል። ሲጠራቸው «እኛ መስኮት ዘግተን ነው የምንተኛው፤ ምን ወፍ ያገኘናል?» ብለው ሳቁ። «ለአንተ ስንል እንመጣለን፤ ሳንላጭ ግን ንቅንቅ የለም!»

ሾፌሮቹ ካልተላጩ አይመጡም፤ ካልመጡ ብልቃጡ አይከፈትም፤ ካልተከፈተ ማንደፍሮ አይወጋም።

«ዳምጠው፣ ቶሎ ላጫቸው!»

«አንድ ያገለገለ ምላጭ ብቻ ነው የቀረኝ።»

«በእሱ ላጨን! ወንድማማቾች አይደለንም ወይ?» አሉ ሾፌሮቹ። በዚያ ማደሪያ ምላጭ መጋራት እንደ ፍቅር ይቆጠር ነበር።

ማንደፍሮ ግን፣ «እኔና ወንድሜም እንዲሁ ነበር የምንለው» አለ። ዳምጠውም ምላጩን አስቀመጠ። «ለየሰዉ አዲስ ካልመጣ አልላጭም።»

ምላጭ ካልመጣ ዳምጠው አይላጭም፤ ካልላጨ ሾፌሮቹ አይመጡም፤ ካልመጡ ብልቃጡ አይከፈትም፤ ካልተከፈተ ማንደፍሮ አይወጋም።

ወደ ሱቅ ሮጠ። «እትዬ ዘነቡ፣ ምላጭ ይስጡኝ።»

«ልጄን ሳላስተኛ እንዴት ብዬ ልነሣ?»

«ተኚ እንጂ እናትዬ» ብሎ ሕፃኗን ለመናት። ሕፃኗ ጭራሽ ልቅሶ ባሰባት።

«ያ መኪና እንዲህ እያጓራ እንዴት ትተኛ?» አሉ እትዬ ዘነቡ።

ሞተሩ ካልጠፋ ሕፃኗ አትተኛም፤ ካልተኛች እትዬ ዘነቡ አይነሡም፤ ካልተነሡ ምላጭ አይመጣም፤ ካልመጣ ዳምጠው አይላጭም፤ ካልላጨ ሾፌሮቹ አይመጡም፤ ካልመጡ ብልቃጡ አይከፈትም፤ ካልተከፈተ ማንደፍሮ አይወጋም።

ማንደፍሮ ቱግ አለ። «የማን አባቱ መኪና ነው?»

«ያንተ ነዋ!»

እውነት ነው። ባትሪው ስለደከመ፣ ከጠፋ ያለ ግፊ አይነሣም ብሎ ሳያጠፋው ነበር የወረደው። ቢያጠፋው ጭነቱ ሊዘገይ፣ ቢተወው መርፌው ሊቀር። ጋቢና ገባና፣ «ጭነት ቢዘገይም ይደርሳል፤ ጉበት ግን ከየትም አይመጣ» ብሎ ቁልፉን አዞረ።

ሞተሩ ጠፋ፤ ሕፃኗ ተኛች፤ እትዬ ዘነቡ ተነሡ፤ ምላጭ መጣ፤ ዳምጠው ላጨ፣ ለየሰዉ በአዲስ በአዲስ፤ ሾፌሮቹ መጡ፤ ብልቃጡ ተከፈተ፤ ማንደፍሮ ተወጋ። «ወንድሜ ይህን አግኝቶ ቢሆን ኖሮ» አለና እንባው መጣ።

«ይህ የመጀመሪያው ነው» አለች ሲስተር ትርንጎ። «በወሩ ሁለተኛው፣ በስድስተኛው ወር ሦስተኛው አለ። ሳትጨርስ ተከተብኩ እንዳትል።»

ሾፌሮቹ ክንዳቸውን እያሻሹ መኪናውን ገፉለት። ሞተሩ ተነሣ። ሕፃኗም ነቃች። እትዬ ዘነቡ የተናገሩት እዚህ አይደገምም።

የሰማ ያውራ፤ ምላጩን ግን አያውስ።