ለሻለቃ ስጡት

ተረቴ አጭር ነበረች፤ ሰፈርተኛው እየተቀባበለ አስረዘማት። እናንተ ጆሯችሁን ስጡኝ፣ እኔ ደግሞ ዓሣ እሰጣችኋለሁ። የሚጠበስ ዓሣ ግን አይደለም፤ አልበላም ብሎ ሰፈር ያመሰ ዓሣ ነው።

ቡታጅራ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ኋላ፣ ጋሽ ክንፈ የሚባል ፀጉር አስተካካይ ነበር። በሱቁ መስታወት ፊት የብርጭቆ ሣጥን አለ፤ በሣጥኑ ውስጥ አንድ ቀይ፣ ደረቱን የነፋ ዓሣ ወዲያና ወዲህ ይንጎራደዳል። አረማመዱን ያየ ሁሉ ሻለቃ ይለዋል። የገዛችው የክንፈ ሚስት ታየች ነበረች፤ ደንበኛ ሲጠፋ ባሏ እንዳይሰለች ብላ። ከዚያ ታየች አረፈች። ክንፈና ሻለቃ ብቻቸውን ቀሩ።

ክንፈም ከዚያ ወዲህ ገበታ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ጠዋት ሻይ፣ ማታ ሻይ። ጎረቤት ሳህን ይዞ ሲመጣ፣ ጠቅልሎም "በሞቴ!" ሲለው፣ መልሱ አንድ ነው፤ "እኔ በልቻለሁ፤ ለሻለቃ ስጡት።" ሐዘንተኛ አይገፋምና ለሻለቃ ይሰጡታል። ዳቦ ሰጡት፣ ጨጨብሳ ሰጡት፣ ክትፎ በቆጮ ሰጡት። ሻለቃም ወታደር ነው፣ የመጣውን ሁሉ በላ።

አንድ ቀን ግን በቃኝ አለ። ምግቡ አፍንጫው ላይ ሲያርፍ ፊቱን ያዞራል። ታመመ ተባለ። ታመመ ከተባለ ደግሞ ይጠየቃል፤ በሽተኛ ደግሞ በባዶ እጅ አይጠየቅም። አጥሚት መጣ፣ በሶ መጣ፣ የበግ ሾርባ መጣ። "እስቲ ቅመስ፣ አፈር ስሆን!" እያሉ በብርጭቆው ይለምኑታል፤ እንቢ ሲል ይጨምሩለታል። ውሃው አጥሚት መሰለ፣ ሻለቃም በጎኑ ተጋደመ።

ክንፈ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ሻለቃ አንዲት ፍሬ ምግብ ሲውጥ ማየት። ሻለቃ ከሞተ፣ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት እንደምን አደርክ የሚለው ነፍስ አይኖርም። ታየች የተወችለት የመጨረሻው ነገር ነው። ይህን አሰበና መላጩን አስቀመጠ።

ባለቀለም ዓሣ የሚሸጠው ሙዘይን ተጠራ። እጅጌውን ሰብስቦ ከጠጠሩ ሥር አንድ እፍኝ አወጣ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ቆጮ ይመስለኛል" አለ ክንፈ።

"ይሄስ?"

"እሱ እንኳ ጨጨብሳ ነው።"

"ማን ነው ይህን ሁሉ ያበላው?"

ወንበር ላይ የነበሩት ደንበኞች ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ጣሪያው ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም።

"ዓሣው ከመጠን በላይ ጠግቦ ነው፣ ውሃውም ወጥ ሆኗል" አለ ሙዘይን። "ግማሹን ውሃ አውጥተው ንጹሕ ይጨምሩ፣ በጣት ጫፍ የምትነሣ ጨው ጣል ያድርጉበት፣ እስከ ነገ ጠዋት ምንም አይቅመስ። የቧንቧው በረኪና ይሸታል፤ የጉድጓድ ውሃ ይሁን። ዛሬ ካልተቀየረ ግን፣ ጋሼ፣ ነገን አያይም።"

ክንፈ የሰፈሩን ሰው በሆዱ እየረገመ ባልዲውን አንስቶ ወደ እትዬ ብርቄ ግቢ ሮጠ። ጉድጓዱ ያለው እሷ ዘንድ ነው።

"እትዬ ብርቄ፣ ሻለቃ ያለ ንጹሕ ውሃ አልበላም አለ! ውሃ አስቀጂኝ!"

"ውሃውስ ሞልቷል። ገመዱን አምጣና ቅዳ" አለችና በአገጯ አህያዋን አሳየችው። አህያዋ የጉድጓዱን ገመድ ከሆዷ ሥር አድርጋ ተጋድማለች። "አኩርፋለች። ጎተትናት፣ ለመንናት፣ ሽማግሌ ሁሉ ላክንባት። ፉርሽካ ካልሸተታት አትነሣም፤ ፉርሽካ ደግሞ ከቤቴ አልቋል።"

ክንፈ ገመዱን ሳብ አደረገ። አህያዋ አንድ ዓይኗን ገልጣ አየችው፣ መልሳም ጨፈነችው። እንግዲህ ሻለቃ ያለ ንጹሕ ውሃ አልበላም አለ፤ ውሃው ያለ ገመድ አልወጣም አለ፤ ገመዱ ከአህያዋ ሥር አልሳብም አለ፤ አህያዋ ያለ ፉርሽካ አልነሣም አለች። ክንፈ ባልዲውን እዚያው ጥሎ ወደ ወፍጮ ቤት ገሰገሰ።

ባለ ወፍጮው አቶ ሽኩር በራፉ ላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ወፍጮው ዝም ብሏል፣ ስንዴ ያመጡ ሴቶች ግን ዝም አላሉም።

"ሽኩር፣ ድረስልኝ!" አለ ክንፈ እያለከለከ። "ሻለቃ ያለ ንጹሕ ውሃ አልበላም አለ፤ ውሃው ያለ ገመድ አልወጣም አለ፤ ገመዱ ከአህያዋ ሥር አልሳብም አለ፤ አህያዋ ያለ ፉርሽካ አልነሣም አለች። ፉርሽካ ስጠኝ!"

"ቆይ እስቲ። ዓሣው ነው ፉርሽካ የሚበላው?"

"አህያዋ ናት እንጂ!"

"አህያዋ ናት እንዴ ውሃ ውስጥ ያለችው?"

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ክንፈ ግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበርና ሽኩር ቀልዱን ተወ። "ወንድሜ፣ ሳልፈጭ ከየት ላምጣልህ? ወፍጮውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጥሶብኝ ነው። ጫማ ሰፊው ላጲሶ እንዲሰፋው ሰጥቼዋለሁ፤ እሱ ግን የውሃ ሽታ ሆኗል።"

ሻለቃ ያለ ንጹሕ ውሃ አልበላም አለ፤ ውሃው ያለ ገመድ አልወጣም አለ፤ ገመዱ ከአህያዋ ሥር አልሳብም አለ፤ አህያዋ ያለ ፉርሽካ አልነሣም አለች፤ ፉርሽካው ያለ ወፍጮ አልገኝም አለ፤ ወፍጮው ያለ ቺንጋ አልዞርም አለ። ክንፈ ይህን ሁሉ በአፉ እያመላለሰ፣ አንዱ እንዳይጠፋበት እየፈራ፣ ወደ ጫማ ሰፊው ወረደ።

ላጲሶ ከጃንጥላው ሥር፣ ቺንጋውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል። ክንፈ ሰላምታም አላቀረበ።

"ሻለቃ ያለ ውሃ፣ ውሃው ያለ ገመድ፣ ገመዱ ከአህያዋ ሥር፣ አህያዋ ያለ ፉርሽካ፣ ፉርሽካው ያለ ወፍጮ፣ ወፍጮው ያለ ቺንጋ! ስለ ፈጣሪ ስፋው!"

"ሰምቻለሁ" አለ ላጲሶ። "ዓሣህ ጾም ታዘዘለት አሉ። እኔ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም ሲባል እንጂ፣ ዓሣው ራሱ ሲጾም ሰምቼ አላውቅም።"

"ላጲሶ!"

"እሺ፣ እሺ። ክሩ አለ፣ ሰሙ አለ፣ ቺንጋውም ይኸው። ወስፌ ግን የለኝም። እትዬ ማንጠግቦሽ ለስፌቷ ተውሳኝ፣ መልሺ ብላት አኩርፋ አልሰጥም አለች።"

"ማንን ነው ያኮረፈችው?"

"አንተን ነዋ። ባንተ ንዴት የመጣውን ሁሉ ታባርራለች፤ እዳው እኔ ላይ መጣ" አለ ላጲሶ።

ይኸውላችሁ፤ ሻለቃ ያለ ንጹሕ ውሃ አልበላም አለ፤ ውሃው ያለ ገመድ አልወጣም አለ፤ ገመዱ ከአህያዋ ሥር አልሳብም አለ፤ አህያዋ ያለ ፉርሽካ አልነሣም አለች፤ ፉርሽካው ያለ ወፍጮ አልገኝም አለ፤ ወፍጮው ያለ ቺንጋ አልዞርም አለ፤ ቺንጋው ያለ ወስፌ አልሰፋም አለ፤ ወስፌው የማንጠግቦሽን እጅ አልለቅም አለ። ማንጠግቦሽ ደግሞ ሌላ አገር አይደለችም፤ ከክንፈ ሱቅ ግድግዳ ተጋርታ የምትኖር፣ የታየች የልብ ጓደኛ ናት። አገር ምድሩን ዞሮ ከደጁ ደረሰ።

ማንጠግቦሽ የመሶብ ክዳን ትሰፋለች። ቀና አላለችም። ክንፈ ቆሞ ከሻለቃ እስከ ወስፌው ድረስ አንድም ሳያስቀር ዘረዘረላት። በመጨረሻ ትንፋሽ አጥሮት፣ "አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽኝ" አላት።

ወስፌውን ስፌቱ ላይ ሰካችና ከጎኗ የተከደነ ሳህን ገለጠች። ጎመን በአይብ ነው፣ ከቆጮ ጋር።

"እሰጥሃለሁ። መጀመሪያ አፍህን ክፈት።"

"በልቻለሁ" አለ ክንፈ፤ ለምዶበት።

"ውሸታም! ሻይ ነው የበላኸው። ታየች ከሄደች ወዲህ ስንት ሳህን ይዤ ደጅህ ቆምኩ? ዓይኔ እስኪጠፋ ሽንኩርት የከተፍኩበትን ዶሮ፣ አንተዬ፣ ለዓሣ! እኛም ሞኞች ነን፤ ልብህን እንዳናስቀይም ብለን ሰጠነው። ዛሬ ደግሞ ማን አበላው ተባለ አሉ። በእኛ እጅ ያበላኸው አንተ ነህ። ሻለቃ ያንተን ምግብ ተሸክሞ ነው የታመመው።"

ክንፈ ቀኑን ሙሉ ሰፈሩን ሲረግም ነበር የዋለው። ዱካ ስቦ ተቀመጠና አፉን ከፈተ።

የማንጠግቦሽ ጉርሻ የሕፃን ጭንቅላት ያህላል። ክንፈ ጉንጩ ተወጥሮ አላመጠ፣ ዓይኑም እንባ ሞላ። በሚጥሚጣው ሊያሳብብ ፈለገ፤ ጎመኑ ላይ ግን ሚጥሚጣ አልነበረም። ታየች ናፍቃዋለች፣ ርቦታልም፤ ሁለቱ ባንድ ላይ መጡበት።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል" አለች ማንጠግቦሽ፣ ድምጿ ለስልሶ። ሁለተኛውን ጨመረችለት፤ ወስፌውንም ከስፌቷ ነቅላ በእጁ አስጨበጠችው።

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ወደ ኋላ ተተረተረ። ክንፈ ጉርሻውን ዋጠ፤ ማንጠግቦሽ ወስፌውን ለቀቀች፤ ወስፌው ቺንጋውን ሰፋ፤ ቺንጋው ወፍጮውን አዞረ፤ ወፍጮው ፉርሽካውን አስገኘ፤ ፉርሽካው አህያዋን አስነሣ፤ አህያዋ ገመዱን ለቀቀች፤ ገመዱ ውሃውን አወጣ፤ ንጹሑ ውሃ ከጨው ጋር ለሻለቃ ደረሰለት። ሻለቃም ከተጋደመበት ቀስ ብሎ ቀና አለ። ገና አልበላም፤ ታዟልና ይጾማል።

ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ሱቁ ውስጥ ታጨቀ። በባዶ እጁ የመጣ የለም፣ ልማድ አይለቅማ! ሙዘይን አንዲት ፍሬ የዓሣ ምግብ ለክንፈ ሰጠው፤ ክንፈ ጣላት። ፍሬዋ ውሃው ላይ ተንሳፈፈች። ሻለቃ መጣ፣ ዞራት፣ ጎረሳት፣ ተፋት። እትዬ ብርቄ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሻለቃ ተመለሰ፣ ጎረሳት፣ ዋጣት። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ ወዲያና ወዲህ ይንጎራደድ ጀመር።

እልልታው ሲቀልጥ፣ የደስ ደስ ብለው የሰፈሩ እጆች ሁሉ ጉርሻ ይዘው ወደ ብርጭቆው ሣጥን ተዘረጉ። ሙዘይን ጮኸ። እጆቹ አየር ላይ ቆሙ። የተጠቀለለ ጉርሻ ደግሞ ወደ ሳህን አይመለስም፣ ነውር ነው። ክንፈ ያየው የሽኩርን እጅ፣ የላጲሶን እጅ፣ የብርቄን እጅ ወደ እሱ ሲዞሩ ነው። "ለሻ..." ብሎ ሊጀምር አፉን ሲከፍት ማንጠግቦሽ ቀደመችው። ቃሉ እዚያው ቀረ። ሌሎቹም ተከታተሉበት፤ ክንፈም አላመጠ፣ እየሳቀ አላመጠ፣ እስኪጠግብ ድረስ በላ።

ተረቴ ይኸው አለቀች። አፌን በዳቦ ማበስ ያሰኛችሁ እንደሆነ እኔ አለሁ፣ አላሳፍራችሁም፤ ብቻ አደራ፣ ለዓሣው እንዳትሰጡት።