የሙጊት ድልድይና የሚጡ ስም

ኑ፣ ቀረብ በሉ ልጆቼ። ሐምሌ ነው፤ ይሄ ዝናብ ቶሎ አይለቀንም። አንተ ብሩኬ፣ እግርህን ሰብስብና ለእህትህ ቦታ ስጣት።

በአንድ ወቅት፣ እንዲህ ባለ ክረምት፣ ሙጊት ከሚባል ወንዝ አጠገብ ሦስት የአንድ እናት ልጆች ነበሩ።

ትልቁ አንማው አንድን ኮምፒውተር ማንበብ አስተማረው። ኢንተርኔት ላይ ሰው የጻፈውን ሁሉ ሳይደክመው ያነባል፤ ያነበበውን ይይዛል፤ በስልክ ሲጠይቁት ይመልሳል። እንዴት ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም።

መካከለኛው ይርዳው ደግሞ መጠርጠርን አስተማረው። «ሽማግሌ ፊት እንደምንቆመው ነው» አለ። «አንዱ ከሌላው ሰምቶ ካወራ፣ መቶም ቢሆኑ አንድ ምስክር ናቸው። በዓይኑ ያየውን ይለይ፤ መቼ እንዳየም ይጠይቅ።»

«ዳኛ አደረግከው እኮ!» ብሎ አንማው ሳቀበት። ሳቀበት እንጂ አልከለከለውም።

ታናሺቱ እማዋይሽ ኮምፒውተሩን ነክታውም አታውቅ። ከወንዙ ማዶ አስተማሪ ነበረች። አንድ ማለዳ ሙጊት ሲያጓራ ሰማችና በጭቃው እየተንሸራተተች ወርዳ አየች። ድልድዩ የለም! ማን ሊሻገር እንደሚመጣ አታውቅም። ቢሆንም እዚያው ዝናብ ላይ ቆማ፣ የአካባቢው ሰው በሚጽፍበት ገጽ ላይ በስልኳ ጻፈች፦ «የሙጊትን ድልድይ ጎርፍ ወስዶታል። ዛሬ ጠዋት በዓይኔ አየሁ።»

የዚያኑ ዕለት ረፋድ ላይ ውዴ የምትባል ነፍሰ ጡር ምጥ ያዛት። ባሏ ታክሎና ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመዋት መንታ መንገድ ላይ ደረሱ። ጤና ጣቢያው በድልድዩ አንድ ሰዓት፣ በጋራው ዞሮ ሦስት ሰዓት ነው። ቁልቁለቱን ወርደው ድልድይ ቢያጡ ግን፣ ተመልሰው እስኪወጡ ውዴ አትቆያቸውም።

ታክሎ ስልኩን አውጥቶ «ድልድዩ አለ?» ብሎ የወንድማማቾቹን ኮምፒውተር ጠየቀ።

«አለ የሚሉ መቶ ገጾች አሉ» አለ ኮምፒውተሩ። «ሁሉም ከአንድ የአምና ጽሑፍ የተቀዱ ናቸው። የለም የምትል አንዲት ሴት አለች፤ ዛሬ ጠዋት በዓይኗ አይታለች። በጋራው ሂዱ።»

«መቶውን ትተን አንዷን?» አለ ከተሸካሚዎቹ አንዱ።

«ሰውዬ፣ እየሄድክ ተከራከር!» አለችው ውዴ ከቃሬዛው ላይ።

ሄዱ። ደረሱም። ገና ከመግባታቸው ሴት ልጅ ተወለደች፤ እናትም ልጅም ደህና። እሰይ! እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ትንፋሼ ይመለሳል።

ታክሎ በደስታው «ያዳነን ሰው ስሟን ያውጣላት» አለ። ጣጣው የመጣው ያኔ ነው።

«ማንበብ ባላስተምረው የእማዋይሽን ጽሑፍ ማን ያገኘው ነበር?» አለ አንማው።

«እኔ መጠርጠር ባላስተምረው ግን፣ አግኝቶትም መቶዎቹን አምኖ ወንዝ ይሰዳቸው ነበራ» አለ ይርዳው።

«እኔ ባልወርድስ ምኑን ታነቡ፣ ምኑን ትጠረጥሩ ነበር?» አለች እማዋይሽ።

«አንቺማ ውዴ መኖሯንም አታውቂ!» አሏት ወንድሞቿ።

«እናንተስ ታውቁ ነበር?»

በበጋው ድልድዩ ተሠራ። ወንድማማቾቹ ዛሬም አብረው ይሠራሉ፤ ዛሬም ይጨቃጨቃሉ። እማዋይሽ ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙን ወርዳ እያየች ትጽፋለች። ውዴ ደህና ናት። ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሥታለች፤ የቤት ስሟ ግን እስካሁን ስላልተፈረደ ሁሉም ሚጡ ይሏታል። አራት ዓመት ሞላት፤ ሮጣ አትያዝም።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ስሟን ማን ያውጣላት?