ጥቁሩ ድንጋይና የእማማ አትጠገብ ዘር

ወገኖቼ፣ ሥራው ከመሬት ሆድ ጋዝ መፈለግ የሆነ አንድ ሰው ነበር። ቆላ ወርዶ፣ ከወንዝ ዳር ድንኳን ተክሎ ጉድጓድ አስቆፈረ። ከጥልቁ ጥቁር ድንጋይ ወጣ። ድንጋዩን በጣሳ አሽጎ፣ በውስጡ ያለውን ጋዝ በቀጭን ቱቦ ወደ ውኃ ለቀቀው። ውኃው ቡልቅ ቡልቅ አለ!

ከዚያ ምን አደረገ መሰላችሁ? በዚያች በአንዲት ጉድጓድ ውጤት ብቻ የወንዙን ማዶም አብሮ አሰላው። ድንጋዩ ማዶም ያው ጥቁር አይደል? ውፍረቱስ ያው አይደል? «ጋዙ ብዙ ነው» ብሎ ሪፖርት ጻፈ። የማዶዎቹ ሃያ አባወራዎች እንዲነሡ ተወሰነ። «ዘንድሮ አትዝሩ» ተባሉ።

ቆይቶ ማዶም ተቆፈረ። ድንጋዩ ወጣ፤ ጥቁር ነው። ታሸገ። ሰውየው ውኃው ላይ አፍጥጦ ተቀመጠ። አንድ ቀን። ሁለት ቀን። ሦስት ቀን። አረፋ የለም! ለካ ማዶ መሬቱ ድሮ ተሰንጥቆ ኖሯል፤ ጋዙ በስንጥቁ ሾልኮ ካለቀ ስንት ዘመኑ! የድንጋዩን መጥቆር አየ እንጂ ጋዝ መያዙን አልመረመረም።

ሄዶ ለአለቃው ነገረው። አለቃው ግን «ለጊዜው ዝም በል፤ ከክረምት በኋላ እናስተካክለዋለን» አለው። ከክረምት በኋላ! ሰኔ ገብቶ፣ ሰማዩ ጠቁሮ!

ባዶነቱን ባወቀ በአራተኛው ቀን ጠዋት እማማ አትጠገብ የሚባሉ የማዶ ሴት የማሽላ ዘር በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ።

«ልጄ፣ መሬቱ ረጥቧል። አንተ ጋዝ አለ ስላልክ እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ። እውነቱን ንገረኝ፤ ለክተኸዋል?»

ሰውየው በልቡ አሰበ፤ እንጀራዬስ? ስሜስ? ፈራ፤ በጣም ፈራ።

«አልለካሁትም ነበር፣ እማማ። ስለካው ባዶ ነው። ካወቅሁ ሦስት ቀኔ። ዛሬውኑ ይዝሩ፤ ለሌሎቹም ይንገሩልኝ።»

«ሦስት ቀን!» አሉ። «ሦስት ቀን ሙሉ ዝናቡን እያየህ?» ሳይሰናበቱት ቁልቁለቱን ወረዱ።

እሱም ያንኑ ጠዋት ሪፖርቱ እንዲሰረዝ ጻፈ። ከሥራው ተባረረ ወይ? እሱን አልነገሩኝም።

እናንተስ? ስለ ጎረቤታችሁ «አውቀዋለሁ» ያላችሁት ለክታችሁት ነው? ልጃችሁን «አንተ አይሆንልህም» ያላችሁት ለክታችሁት ነው? እኔም ከዚህ ቆሜ ሳልለካ የተናገርኩት አለ፤ ያስፈራኛል። የእናንተን ቃል አምኖ ዘሩን እንደቋጠረ የተቀመጠው ማን ነው?

«ከክረምት በኋላ» አትበሉ። እናንተ ይቅርታ ለመጠየቅ ጊዜ ታገኙ ይሆናል፤ ለእሱ ግን ሰኔ ያልፍበታል። ዛሬውኑ ሂዱና «ተሳስቻለሁ፤ ዝራ» በሉት።