ስሟን ማን ያውጣላት?

በአንድ ወቅት፣ የእናት የመጀመሪያ ወተት ልጅ ያሳምማል ተብሎ መሬት ላይ ይፈስ በነበረበት መንደር፣ ባንቺአየሁ የምትባል ልጅ እግር ሴት የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ሴት ልጅ ነበረች። አንድ ነገር ብቻ አደራ ልበላችሁ፦ ታሪኩ ሳያልቅ በማንም ላይ አትፍረዱ። ይህን ነገር በተናገርኩበት ቤት ሁሉ ሰው መሃል ላይ ተነስቶ ሲጨቃጨቅ አይቻለሁ፤ መጨረሻውን ሲሰማ ደግሞ ተመልሶ ይቀመጣል።

በዚያ መንደር ወፈር ብሎ ቢጫ የሚመስለው የመጀመሪያ ወተት፣ እንገር የሚሉት፣ እንደ እድፍ ይቆጠር ነበር። የባንቺአየሁ አማት ወይዘሮ ዘርፌ ጡቷን አይተው «ይሄ ዘጠኝ ወር ሙሉ ውስጥሽ የከረመ ነው፤ ንጹሑ እስኪመጣ አፍሺው» አሏት። አፈሰሰችው። እሳቸው ደግሞ ለጋ ቅቤ በጣታቸው ቆንጥረው ጨቅላዋን አስዋጧት። «አንጀቷን ያለሰልሰዋል» አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም። እሳቸውም የዋጡት፣ ልጃቸውን፣ የባንቺአየሁን ባል ጌጡንም ያስዋጡት ያንኑ ነው።

የባንቺአየሁ ታላቅ እህት አንጓች ከሌላ መንደር ለአራስ ጥየቃ መጥታ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። እንገሩ ሲፈስ አየች። አፏን ከፈት አድርጋ መልሳ ገጠመችው። በማግስቱም ቤቴ ባዶ ነው ብላ ሄደች። ለምን ዝም እንዳለች ትሰሙታላችሁ።

ጨቅላዋ ቅቤው አልተስማማትም፤ ሆዷ ተበላሸ። ጡት ስትሰጥም ጫፉን ብቻ ነክሳ ታለቅሳለች እንጂ አትስብም። የባንቺአየሁ ጡት አግቶ ድንጋይ አከለ፣ ጫፉ ተሰነጣጠቀ፣ ደማ። ጠያቂው ሁሉ ገንፎውን እየበላ ምክር ይሰጣል፤ አንዷ «አጥሚት አብዢ» ትላለች፣ ሌላዋ «ተልባ ጠጪ» ትላለች፣ ሦስተኛዋ «ይሄማ ዓይን ነው» ብላ ወደ ጎረቤት አጥር ትጠቁማለች። ልጅቷ ጡቱን እንዴት ነው የምትይዘው ብሎ የጠየቀ ግን አንድ ሰው የለም።

ባንቺአየሁ የልጇን አፍ ፈራች። ይህን ስናገር የምታፍሩብኝ ካላችሁ እፈሩ፤ እሷም አፍራበታለች። ሰው ከቤት ሲወጣ የአብሽ ውሃ በስኒ እያደረገች ጠብ ጠብ ታደርግላታለች። አማቷ ተመልሰው «አጠባሻት?» ሲሉ «አዎ እማዬ» ትላለች። ያልተጠባ ጡት ደግሞ ይነጥፋል፤ ነጠፈ። ማታ ማታ ልጇን አቅፋ «እኔ ነኝ የማስርብሽ» እያለች በሹክሹክታ ይቅርታ ትጠይቃታለች።

አንድ ቀን ጠዋት ልጅቷ ማልቀስ አቆመች። ከንፈሯ ደርቋል፣ እርግብግቢቷ ጎድጉዷል። መትረፏ ሳይታወቅ ስም ማውጣት ሞት መጥራት ነው ተብሎ እስከዚያ ቀን ስም አልነበራትም። ባንቺአየሁ ባሏና አማቷ እየሰሙ ጮክ ብላ «ይቺን ልጅ ያተረፈልኝ ስሟን ያውጣ! እኔም አባቷም ቃል የለንም» አለች። ስም ማውጣት በዚያ ቤት የአያት ወግ ነበር። ወይዘሮ ዘርፌ ቃሉን ሰምተው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

እንግዲህ ስሙ፤ አተረፍኳት ያሉት ሦስት ሴቶች ናቸው፣ የመጀመሪያዋ ወይዘሮ ዘርፌ። በአጥሩ ማዶ ደብሬ የምትባል ሴት ነበረች፤ ገና ጡት ያልተወ ወንድ ልጅ አላት፣ ወተቷ የተትረፈረፈ ነው። ወይዘሮ ዘርፌ «ዓይኗ ደግ አይደለም፣ ሰው ትበላለች» ብለው መንደሩ ሁሉ እንዲፈራት ያደረጉት እሷን ነው። ያን ጠዋት ግን ከደጃቸው ከበድ ያለ ድንጋይ አንስተው ማጅራታቸው ላይ አደረጉና፣ ሰው እያያቸው፣ ደብሬ በር ላይ ተንበረከኩ።

«እትዬ ዘርፌ! ኧረ ተነሱ፣ ምን ሆኑ?»

«አልነሳም። ስምሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በኔ ላይ የፈለግሽውን አድርጊ፤ ልጅቷን ግን አጥቢልኝ።»

«ዓይኔስ?»

አሮጊቷ ቀና ማለት አልቻሉም። «ዓይንሽ ምንም የለበትም» አሉ። «ድሮም አውቀው ነበር።»

ሁለተኛዋ ደብሬ ናት። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያች ሰዓት የዓመታት ንዴቱን ይወጣ ነበር። እሷ ግን ድንጋዩን ከአሮጊቷ ማጅራት አውርዳ፣ ልጇን ከጡቷ ነጥላ መሬት ላይ አስቀመጠችውና አጥሩን ተሻግራ ሄደች። ጨቅላዋ መጀመሪያ መሳብ አቅቷት ነበር፤ ደብሬ እያለበች አፏ ውስጥ ጠብ አደረገችላት። ቀን ሲጨመር ጉልበት አገኘች፣ ጉንጯ ሞላ። የደብሬ ልጅ ግን ሁልጊዜ ትራፊ ይደርሰው ጀመር። ከሳ፤ እናቱ ሌላ ልጅ ስታቅፍ ሲያይ ቀሚሷን ይጎትታል። ባሏ «የራስሽን ቀብረሽ የሰው ልታሳድጊ ነው?» ሲላት ነጠላዋን አንስታ አጥሩን ትሻገራለች።

ጨቅላዋ ደግሞ የደብሬን ጡት ለምዳ የእናቷን እምቢ አለች። ባንቺአየሁ ለመነቻት፤ «ደብርዬ፣ እባክሽ መጀመሪያ እኔ ልሞክር፤ ካቃተኝ ብቻ አንቺ ስጫት።» ደብሬ እሺ አለች። ግን ባንቺአየሁ ሸለብ ሲያደርጋት ወይም ወደ ጓሮ ወጣ ስትል ቀድማ ታጠባታለች። እናትየው ተመልሳ ጡቷን ስትሰጥ የጠገበች ልጅ ፊቷን ታዞራለች። «ጠላችኝ» ብላ ታለቅሳለች፤ ደብሬም አብራ ታለቅሳለች፣ እውነቱን ግን አትናገርም። የልጅ ለቅሶ አላስችል ብሏት ነው ብላችሁ ልትከራከሩላት ትችላላችሁ። እሷ ራሷ በኋላ ስትናገር፣ «ዓይኗ ክፉ ነው ያለኝ ቤት ያለ እኔ መኖር ሲያቅተው ደስ ብሎኝ ነበር» ብላለች።

ሦስተኛዋ አንጓች ናት። ወሬው ገበያ ላይ ደርሷት የያዘችውን ዕቃ ሳትሸጥ መጣች። ስትገባ ባንቺአየሁ ጓሮ ናት፤ ደብሬ ጨቅላዋን ደብቃ ታጠባለች። አንጓች ነገሩ ወዲያው ገባት። ልጅቷን ተቀብላ «ከዛሬ ጀምሮ ከእናቷ በቀር የሚያጠባት የለም» አለች። እህቷን ጠርታ አስገባችና በሩን ከውስጥ ቀረቀረች።

የእናትና የልጅን ሰውነት ያለ ልብስ አገናኘች። «ሆዷ ሆድሽን ይንካ። ጫፉን ብቻ አትስጫት፤ አፏን በደንብ ስትከፍት ጠቆር ያለውንም ጭምር ታጉርሰው» እያለች አሳየቻት። ልጅቷ ትይዛለች፣ ባዶ ሲሆንባት ትለቃለች፣ ትጮኻለች። እንደገና ትይዛለች። ወይዘሮ ዘርፌ በሩን ይደበድባሉ፤ «አንቺ ሴት፣ ልትገያት ነው? ክፈቺ!» ደብሬ አጥሩ ስር ተቀምጣለች፤ ለቅሶውን በሰማች ቁጥር ወተቷ እየፈሰሰ ቀሚሷን ያርሰዋል። አንጓች አልከፈተችም።

«እታለም፣ ካልመጣስ?» አለች ባንቺአየሁ።

«ይመጣል።»

እውነቱን ልንገራችሁና፣ እንደሚመጣ አታውቅም ነበር።

ባንቺአየሁ መቻል አቃታት። «ጥፋቱ የኔ ነው» ብላ የአብሽ ውሃውን ነገር ሁሉ ተናገረች። አንጓች ሰምታ ስትጨርስ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች እንዲህ አለች፤

«የኔም የመጀመሪያዋ እንዲህ ነው የሄደችው። እንገሬን አፈሰስኩ፣ ቅቤ ዋጠች፣ ስም እንኳ ሳናወጣላት ሞተች። ሁለተኛውን መንገድ ላይ ምጥ ይዞኝ ወለድኩት። አፍሺው የሚለኝ ሰው አጠገቤ አልነበረም፤ ያንኑ ጠጥቶ አደገ። ያኔ ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፌን ብከፍት የራስሽን ልጅ ማን ገደላት ይሉኛል ብዬ። አፍሬ ነው፣ እህቴ። አንቺን ከሐፍረቴ አሳነስኩሽ።»

ባንቺአየሁ እህቷን መምታት አማራት፤ ማቀፍም አማራት። ሁለቱንም አላደረገችም፣ እጇ ልጇን ይዟል። ቀኑ እንዲሁ አለፈ፣ ሌላም ቀን አለፈ። ልጅቷ እየደከመች ሳለ እንደገና ያዘች፤ በዚህኛው ግን አልለቀቀችም። ሳብ፣ ሳብ አደረገችና ጉሮሮዋ ሲውጥ ተሰማ። ሁለቱ እህትማማቾች ጎንበስ ብለው ያዳምጣሉ። አሁንም ዋጠች። አንጓች ተነስታ በሩን ከፈተች፤ ደጅ የቆሙት ፊቷን ሲያዩ ልጅቷ የሞተች መስሏቸው ጮኹ።

ልጅቷ ተረፈች። ወተቱ ቀስ በቀስ ሞላ፣ የባንቺአየሁ ቁስል ጠገገ፣ የልጅቷም ሆድ ተሻለው። ያኔ ቃሉ ትዝ አላቸው። ጌጡ ሦስቱንም ሴቶች ቤቱ ጠርቶ አስቀመጠና «ያተረፋት ስሟን ታውጣ ተብሏል። ተናገሩ» አላቸው።

ወይዘሮ ዘርፌ «ካሳነሽ ትባል» አሉ። «በገዛ እጄ ልገላት ነበር። እኔ ባልንበረከክ ግን ደብሬ ይህን ደጅ አትረግጥም። ስሟን በጠራሁ ቁጥር የበደልኳትን እየካስኩ ልሙት።»

ደብሬ «የኔነሽ ትባል» አለች። «ከልጄ አፍ ቀምቼ ነው የሰጠኋት፤ እሱ እስካሁን አላገገመም። እኔ ባላጠባ አንጓች ስትመጣ የምታገኘው መቃብር ነበር። ልጄን የበደልኩት ለባዕድ ነው ከምል የኔ ናት ብዬ ልጽናና።»

አንጓች «ምትኬ ትባል» አለች። «እኔ በሩን ባልዘጋ ይቺ ልጅ እናቷን አታውቅም ነበር። የሞተችብኝ የመጀመሪያ ልጄ ስም የላትም። ሁለተኛ ዝም ብዬ ልጅ እንዳልቀበርኩ በዚህ ልወቀው።»

ክርክሩ ለጊዜው ጋል አለ። «እርስዎ ባያፈሱባት ማናችንም እዚህ አንቀመጥም ነበር» አለች ደብሬ። «አንቺ ተደብቀሽ ባታጠቢ ወተቷ ቀድሞ ይመለስ ነበር» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ። ቀጥለው ወደ አንጓች ዞረው «አንቺስ? ያን ቀን አንዲት ቃል ብትተነፍሺ እኔ እሰማሽ ነበር» አሏት። አንጓች «ይሰሙኝ ነበር?» ብላ ጠየቀች። አሮጊቷ ብዙ አሰቡና «እንጃ» አሉ። ሦስቱም መሬት መሬት እያዩ ተቀመጡ።

ጌጡ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ቃሉ ያንቺ ነው፤ አንቺ ፍረጂ።»

ባንቺአየሁ ልጇን እያጠባች ነበር። አማቷን ብትከለክል አሮጊቷ ይህን በደል ይዘው መቃብር መውረዳቸው ነው። ደብሬን ብትከለክል የዚያ ከሲታ ልጅ ረሃብ የማንም ምስጋና ሳይነካው መቅረቱ ነው፤ ብትፈቅድላት ደግሞ የገዛ ልጇን የሌላ ሴት ናት እያለች ልትጠራት ነው። እህቷን ብትከለክል ያቺ ስም የለሽ ሕፃን ሁለተኛ መረሳቷ ነው። ብትፈቅድላትም ልጇ በሞተች ልጅ ምትክ ልትኖር ነው። እሷስ ራሷ? ልጇን በውሃ እየሸነገለች አጥብቻለሁ ያለች እናት በማን ላይ ትፈርዳለች? ይህን ሁሉ አሰበችና አፏን ከፈተች።

ያለችውን አልነግራችሁም። አንዳንዶች ሦስቱንም ስም ሰጠቻት ብለው ያወራሉ፤ እኔ አላምንም፣ ልጅ ሲጠራ አቤት የሚለው በአንዱ ነው። ከእነሱ የማንንም አልቀበልም፣ እናቷ ታውጣ የምትሉም አትጠፉም፤ ያ ቃል ግን የወጣው ልጅ ልትሞት ስትል ከእናቷ አፍ ነው፣ ሲድኑ መካድ ነውር ነው። ልጅቷ ውሃ ስትላክ፣ ለምሳ ስትጠራ፣ ስትዳር፣ እሷም በተራዋ ስትወልድ፣ የሚሰጣት ስም ከነታሪኩ አብሯት ይሄዳል።

እንግዲህ እናንተም ወልዳችኋል፣ ወይም ተወልዳችኋል። ስሙን ማውጣት የሚገባት የትኛዋ ናት? ልጅቷስ በማን ጥፋት እየተጠራች ትደግ?