የጋሽ ሸዋንግዛው ጥሩምባና የሊቀመንበሩ የይለፍ ቃል

ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረችው ይመስላል፣ ፊደልም አሳስታለሁ። ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩምና ይቅርታ አድርጉልኝ።

አንድ ቀን የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር አቶ ኃይለጊዮርጊስ ኮሚቴውን ሰበሰቡና ጥሩምባ ነፊውን ጋሽ ሸዋንግዛውን አስጠሩ። ጋሽ ሸዋንግዛው ሠላሳ ዓመት ሙሉ በማለዳ እየዞሩ ሰፈሩን ለቀብር የጠሩ ሰው ናቸው።

«ሸዋንግዛው፣ ጥሩምባህን አስረክብ» አሏቸው ሊቀመንበሩ። «እድራችን ድረ ገጽ አውጥቷል። ከእንግዲህ ሞትም ስብሰባም በዚያ ነው የሚነገረው። ዘመኑ ጥሎህ ሄዷል።»

ጋሽ ሸዋንግዛው ጥሩምባቸውን በጋቢያቸው ሥር ጨበጥ አደረጉ። ሌላ የሚያውቁት ሥራ የለም።

ድረ ገጹን የሠራችው መቅደላዊት ግን ገና አልጨረሰችም ነበር። «አቶ ኃይለጊዮርጊስ፣ አንድ ነገር ይፍቀዱልኝ» አለች። «ድረ ገጹ ሁለት አድራሻ አለው፤ አንዱ የተቆለፈ፣ አንዱ ያልተቆለፈ። ባልተቆለፈው አድራሻ የሚመጣውን ሰው ሁሉ፣ ድረ ገጹ ያለበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ራሱ ወደ ተቆለፈው አድራሻ እንዲመራው ላድርግ። የይለፍ ቃል የሚጠየቀው እዚያ ብቻ ይሁን።»

«የእድር በር ለማንም አይቆለፍም። ሰው በለመደው ይግባ።»

«ሰውማ ይገባል። የሚቆለፈው መንገዱ ነው።»

«ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ ነው እድር የመራሁት። እኔ በለመድኩት ነው የምገባው አልኩ።»

ይሄኔ ጋሽ ሸዋንግዛው ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

«የኔ ልጅ፣ እስቲ ላላወቀ አስረጂ። በዚህ በለመዱት በኩል ሲገቡ የይለፍ ቃላቸው ምን ይሆናል?»

«ሳይሸፈን ያልፋል፣ ጋሼ። መንገድ ላይ ጆሮውን የጣለ ሁሉ ይሰማዋል።»

«በዚያ ቃል የገባ ሰውስ ምን ያያል?»

«የአባላቱን መዝገብ። ማን እንደታመመ፣ ማን ከባሏ እንደተጣላች፣ ሽማግሌ የተላከበትን ሁሉ።»

ጋሽ ሸዋንግዛው ጥሩምባቸውን ከጋቢያቸው አወጡና አፏን በእጃቸው ጠረጉ።

«እንግዲያው ጌታዬ፣ ምን አደከምዎት? ቃሉን ለኔ ይንገሩኝና ነገ በማለዳ ሰፈሩን ዞሬ ልለፍፈው። ሥራው ያው ነው፤ እኔ ግን ማን እንደሰማኝ አያለሁ።»

ኮሚቴው ጋቢውን አፉ ላይ ያዘ። ከኮሚቴው አባላት እማማ ዘነቡ ብቻ ሳይደብቁ ሳቁና፣ «እንግዲህ ሥራው ይከፈል» አሉ። «የሚደበቀውን መቅደላዊት ትደብቅ፤ የሚለፈፈውን ሸዋንግዛው ይለፍፍ።»

በዚያው ተወሰነ። መቅደላዊት አሮጌውን አድራሻ ወደ ተቆለፈው አዞረች፣ ለሊቀመንበሩም አዲስ የይለፍ ቃል አስወጣች። ጋሽ ሸዋንግዛውም ጥሩምባቸውን ይዘው ወጡ።

ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። የእድሩን ቢሮና የኛን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። አቶ ኃይለጊዮርጊስ የይለፍ ቃላቸውን ሲጽፉ ደግሞ እያንዳንዱን ፊደል ጮክ ብለው እየጠሩ ነው። የድሮውን አውቀው ነበር፤ አዲሱንም አውቀዋለሁ።