ጫማ ያደረገው አንበሳ

አንድ ንጉሥ ለገንዘቡ፣ ዋጋ ሲጻፍ ከቁጥሩ ጎን የሚሰፍር ምልክት አማረው። «የጎረቤቴ ገንዘብ ምልክት አለው፣ የእኔው ለምን ራቁቱን ይሄዳል?» አለና ገብረየስ የሚባል ሽማግሌ ማኅተም ቀራጭ አስጠራ። «ገበያው የሚቀበለው ምልክት ስትሠራልኝ አገርህ ትገባለህ። እስከዚያ ከግቢ ንቅንቅ የለም» አለው።

ገብረየስ ሚስቱ ናፍቃዋለችና በማግስቱ ጨርሶ መጣ። አንዲት ጎበጥ ያለች መስመር፣ በላይዋ አንድ ጭረት። መኳንንቱ በሳቅ ፈረሱ።

«ይሄማ ዶሮ የጫረችው ነው!»

አንዱ አንበሳ ይሁን አለ። ሌላው አንበሳው ዘውድ ይድፋ አለ። የንጉሡ አማት ደግሞ «ዘውድ ደፍቶ በባዶ እግሩ?» ብላ ጫማ አስጨመረችለት፤ ያውም ለአራቱም እግር! ሲጨመር፣ ሲፋቅ፣ ሲጨመር ሰባት ክረምት አለፈ። የገብረየስ ዓይን ፈዘዘ፣ ጉልበቱ ከዳው። ሚስቱ «በሩን ልዝጋው ወይስ ትመጣለህ?» ብላ ላከችበት።

በመጨረሻ ምልክቱ አለቀና አዋጅ ተነገረ፤ ነጋዴ ሁሉ ዋጋ ሲጽፍ አንበሳውን ይሳል ተባለ። ቅዳሜ ንጉሡ ገብረየስን አስከትሎ ገበያ ወጣ። ገበያው ጭጭ ብሏል። ሻጭ ሁሉ ከሰል ይዞ ጆንያው ላይ ተደፍቷል። ገዢው ጠብቆ ጠብቆ አህያው ላይ ተደግፎ ተኝቷል፤ አህያውም ተኝቷል።

ንጉሡ ይርገዱ የምትባል በርበሬ ሻጭ ዘንድ ቆመ። የመጀመሪያው ጆንያዋ ላይ ያለው አንበሳ ሙሉ ነው። ሁለተኛው ጫማ የለውም።

«አንቺ፣ ይሄ ሦስተኛው አንበሳ ነው ድመት?»

«ጠዋት አንበሳ ነበር ጃንሆይ። ረፋድ ላይ ደከመው።»

«ይሄ የመጨረሻውስ?»

«ጅራቱ ነው። ሌላው ሞቷል፣ ነፍሱን ይማር።»

«በላዩ ያለችው ጭረትስ?»

«ተመልሶ እንዳይነሳ የጫንኩበት ናት። ምን ላርግ ጃንሆይ፣ ክንዴ አለቀ! ጅራቷን ያየ ሁሉ ዋጋ መሆኑ ገብቶት አሁን መግዛት ጀምሯል።»

ንጉሡ ዞር ዞር ብሎ አየ። የደከመው ሻጭ ሁሉ አንበሳውን ትቶ ጅራት ብቻ እየሳለ ነው። ገብረየስም አየ፤ ያቺው የመጀመሪያ ቀን መስመሩ ናት። «ብዬ ነበር» ለማለት እንኳ ደከመው።

ንጉሡ ወደ ገብረየስ ዞረና፣ «ገበያው ተቀብሎሃል ሽማግሌው። ሂድ፣ ቤትህ ግባ» አለው።

ገብረየስ ገና አሥር እርምጃ ሳይሄድ አንዱ መኮንን ከኋላው «ጅራቷ ላይ ትንሽዬ ዘውድ ብናረግባትስ?» ሲል ሰማ። ሰባት ዓመት እምቢ ያለው ጉልበት ሮጠ! ቤቱ ሲደርስ በሩ ገርበብ ብሎ ይጠብቀው ነበር።

ሺህ ሰው በየቀኑ የሚሠራበትን ነገር የሚያዝ ሰው፣ ያረፈ ዓይን ይደነቅበት ብሎ ሳይሆን የደከመ እጅ ይቻለው ብሎ ይዘዝ። እስቲ እናንተስ፣ በቤታችሁና በሥራችሁ፣ ለአንበሳ ጫማ ስታስስሉት የምትውሉት ማንን ነው?