በገበያ ፊት አደራ የተሰጠች ሴት

አንዲት ሴት ነበረች። ሰው ወደማላውቅበት አገር ብቻዬን ስሄድ መፍራቴ ያሳፍራል ወይ ብለሽ ስለጠየቅሽኝ የእርሷን ነገር ልንገርሽ።

የዚህች ሴት እህት ሩቅ አገር አግብታ ትኖር ነበር። አንድ ቀን እህትሽ በጠና ታማለች የሚል መልእክት መጣባት። ወንድሞቿ አዝመራ ላይ ስለነበሩ አብሯት የሚሄድ አጣች፤ ስንቋን ቋጥራ ብቻዋን ተነሣች። የሰፈሩ ሰው ግማሹ ደፋር አላት፣ ግማሹ እብድ አላት። እርሷ ግን ሁለቱንም አልነበረችም። ትፈራ ነበር፤ መፍራቷንም ታውቅ ነበር።

አራት ቀን ተጉዛ ከአንድ ትልቅ ገበያ ደረሰች። ከዚያ ወዲያ ያለው ጫካ ስለሆነ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋት ነበር። ወዲያው አንድ ቁመናው ያማረ፣ አንደበቱም የጣፈጠ ሰው ቀረባት። ወደ እህቷ አገር እንደሚሄድና አቋራጩን እንደሚያውቅ ነግሯት ስንቋን ሊሸከምላት እጁን ዘረጋ።

ሌላው ቢሆን ፈሪ እንዳይባል ይከተለው ነበር። እርሷ ግን አመሰገነችውና ገበያው ዳር ለዳኝነት ወደተቀመጡት ሽማግሌዎች ይዛው ሄደች። ቀና ብላ ቆማ፣ ሻጩም ገዢውም እየሰማ እንዲህ አለች፦

«አባቶቼ፣ ለአገራችሁ እንግዳ ነኝ። ብቻዬን ነኝ፤ እፈራለሁም። ይህ ሰው የራሱንና የአባቱን ስም፣ መንደሩንም በፊታችሁ ይናገርና ከእናንተ እጅ በአደራ ይቀበለኝ።»

ሰውየው መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ልታዋርጂኝ ነው ወይ ብሎ ተቆጣ። በመጨረሻም በሬውን ሳያስር መምጣቱ ትዝ አለውና ሄደ፤ በሬው የት እንደደረሰ እግዜር ይወቅ፣ እርሱ ግን አልተመለሰም።

ያን ጊዜ አንድ ፊቱ የማይፈታ አህያ ነጂ ተነሣ። ስሙን፣ የአባቱን ስምና መንደሩን ተናገረ። «ሳትደርስ ብትቀር ቤቴ መጥታችሁ ጠይቁኝ» አለ። መንገዱን ሙሉ ከአህዮቹ ጋር እንጂ ከእርሷ ጋር ብዙም አላወራም። በሦስተኛው ቀን ከእህቷ ደጅ አደረሳት፤ እህቷንም በሕይወት አገኘቻት። ለሽማግሌዎቹም አደራችሁ ደርሳለች ብሎ ላከባቸው።

እንግዲህ ትርንጎ ልጄ፣ ያቺ ሴት አንቺ ነሽ፤ ገበያውም የምትሄጂበት ከተማ ነው። ልርዳሽ የሚልሽ ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ማንነቱን በሰው ፊት ስትጠይቂው የሚከፋውን አትከተይ። ቅር ቢለው ይበለው። መፍራትሽንም አትደብቂ፤ በቀን ብርሃን፣ ቀና ብለሽ፣ ሊጠብቁሽ ለሚችሉ ሰዎች ንገሪ።

ከእኔ ዘንድ ተምረው አገር ለቀው የሄዱት ሁሉ ደረታቸውን ነፍተው አንፈራም ብለውኝ ነው የሄዱት። እፈራለሁ ብለሽ የጠየቅሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ኮርቼብሻለሁ። ስትደርሺ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ደውዪልኝ፤ እኔም እፈራለሁና።